ሙዝ ሻጩ ሳም እና ከዐቅም በላይ የሆነው ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፍራፍሬ አምርቶ ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ደንበኛዬ ቢሮዬ መጥቶ ነበር። በውሉ ቀን ለገዢው ማድረስ የነበረበትን ፍሬ አላደረሰም። ፍሬ ግን አላጣም፤ እንዲያውም ማሳው ያን ዓመት ከወትሮው የበለጠ ሰጥቶታል። የጎደለው ለማሸጊያ ካርቶን ማስመጫ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ነው። ምንዛሪው ሲፈቀድ ፍሬው ዛፉ ላይ በስሏል፤ ካርቶኑ አገር ሲገባ ደግሞ ከዛፉ ረግፏል። ይህ በሕግ ከዐቅም በላይ አይባልም ወይ? ነው ጥያቄው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1792 እና ተከታዮቹ የተጻፉት ለዚህ ዓይነት ሰው ነው። ባለዕዳው አስቀድሞ ሊገምተው የማይችል፣ ግዴታውንም እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደው ነገር ከዐቅም በላይ ይባላል። ጦርነት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ የመንግሥት ክልከላ ከዚህ ይመደባሉ። የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር፣ በገዛ ድርጅት ውስጥ የሚነሳ አድማ፣ ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ ግን በመርህ ደረጃ አይመደቡም። እኛ አገር የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ያልታሰበ ዱብ ዕዳ ነው ብሎ ዳኛ ፊት መቆም እንደማያዋጣ ነገርኩት። ደስ አላለውም፤ ሒሳቤን ግን ከፍሏል።

እሱ ከወጣ በኋላ ያሰብኩት ስለ ሳሙኤል ዘሙራይ ነበር። አሜሪካውያን የሙዙ ሳም ይሉት ነበር። ከሞተ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለ እሱ ያነበብኩት አንድ ነገር እየፈለግሁ ነው፤ ከዐቅሜ በላይ ነው ብሎ የተወው ነገር ካለ ብዬ። የሰውየው ዕድሜ ከማሳው ውጭ ከሚመጣ ነገር ጋር ሲታገል ያለቀ ዕድሜ ነውና የፍራፍሬ ላኪን ኑሮ ለማሳየት ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ1877 ኪሽኒዬቭ በምትባል፣ ያኔ በሩሲያ ግዛት ውስጥ በነበረች፣ ዛሬ የሞልዶቫ ዋና ከተማ በሆነች ስፍራ ነው። ቤተሰቡ አይሁዳዊ፣ ኑሮውም ድህነት ነበር። አባቱ ሲሞት፣ በ14 ዓመቱ ገደማ፣ ከአክስቱ ጋር አሜሪካ ገባና አላባማ ውስጥ ሴልማ በምትባል ከተማ ከዘመድ ዘንድ ተጠጋ። ትምህርት አልነበረውም፤ እንግሊዝኛውም እስከ ዕለተ ሞቱ የስደተኛ እንግሊዝኛ ነበር።

ሙዝ በዚያን ዘመን ለአሜሪካ ገና አዲስ ፍሬ ነው። ጥሬውን ተቆርጦ መርከብ ላይ ይጫናል፤ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮም ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ወደብ ሲደርስ ነጠብጣብ ያወጣው፣ ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል ተብሎ ጎን ይጣላል። ወጣቱ ሳም ሞቢል ወደብ ላይ ቆሞ ያየው ያን የተጣለ ክምር ነው። በ1895 ካጠራቀመው 150 ዶላር በሚሆነው የበሰለ ሙዝ ገዛና በጭነት ባቡር አሳፈረው። ባቡሩ ግን በየመንገዱ ይቆማል፤ ሙዙ ደግሞ አይጠብቅም። እንደሚተረከው ለቴሌግራፍ ሠራተኛው ከሽያጩ ድርሻ እሰጥሃለሁ ብሎ፣ ከፊቱ ባሉት ጣቢያዎች ላሉ ባለሱቆች ርካሽ ሙዝ እየመጣ ነው የሚል መልእክት አስተላለፈ። ባቡሩ በቆመበት ሁሉ ገዢ ጠበቀው። የሙዙን ባሕርይ ሊለውጥ አይችልም፤ ባቡሩንም ሊያፋጥን አይችልም። ስለዚህ ገበያውን ወደ ሐዲዱ አመጣው። ከዚህ በኋላ በሠራው ሁሉ ይህንኑ ጠባይ አየዋለሁ። ልዩነቱ በቴሌግራፍ ምትክ ሌላ ነገር መያዙ ነው።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሀብታም ሆነ። ኒው ኦርሊንስ ተቀመጠ፤ የመርከብ ድርጅት ያዘ። የተጣለ ከመልቀም ራሱ ማምረት እንደሚሻል ሲገባው ደግሞ በ1910 ሆንዱራስ ውስጥ በኩያሜል ወንዝ ዳር ወደ 2,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት፣ በአብዛኛው በብድር፣ ገዛ። ጫካው ተመነጠረ፣ የውኃ መውረጃ ቦይ ተቆፈረ፣ ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ። እሱም እንደ ሌሎቹ የኩባንያ ባለቤቶች ከቢሮ ሆኖ ሳይሆን ከሠራተኛው ጋር ጭቃ እየረገጠ ነበር የሚሠራው።

ችግሩ የመጣው ከማሳው አይደለም። የሆንዱራስ መንግሥት ለባቡር መሥሪያ ብሎ ከለንደን የተበደረው ዕዳ ከነወለዱ አገሪቱ ልትከፍለው ከማትችለው ደረጃ ደርሶ ነበር። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፊላንደር ኖክስ መፍትሔ አመጡ፤ የጄ. ፒ. ሞርጋን ባንክ ዕዳውን ይጠቀልላል፣ በምትኩ የሆንዱራስ ጉምሩክ ገቢ በባንኩ ሰዎች ቁጥጥር ሥር ይሆናል። ፕሬዚዳንት ሚጌል ዳቪላ ተስማሙ። ለዘሙራይ ይህ ማለት ሐዲዱንና ማሽኑን ከቀረጥ ነፃ የማስገባት ተስፋው ማብቃቱ ነው። በብድር ለቆመ አዲስ እርሻ በእያንዳንዱ ብሎን ላይ ቀረጥ መክፈል የሞት ፍርድ ነበር። ደንበኛዬ ቢሆን ኖሮ ቁጥር 1794ን ገልጬ፣ አዲስ ሕግ ግዴታ ስላከበደ ከዐቅም በላይ አይባልም እለው ነበር።

ዘሙራይ ጠበቃ አላማከረም። ሥልጣን አጥተው ኒው ኦርሊንስ የተሰደዱትን የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ማኑዌል ቦኒላን ፈለገ። ከእሳቸው ጋር ሊ ክሪስማስ የተባለ የታወቀ ቅጥር ወታደርና ጋይ ሞሎኒ የተባለ መትረየስ ተኳሽ ነበሩ። ገንዘቡን ሰጠ፣ መሣሪያውን ሰጠ፣ ጀልባውን ሰጠ። የአሜሪካ መንግሥት ነገሩን ጠርጥሮ ሰላዮች አሰማርቶባቸው ነበር፤ ሰዎቹ በታኅሣሥ 1910 አንድ ሌሊት በከተማው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ሲጠጡ አመሹ፣ ሰላዮቹም ዛሬ የትም አይሄዱም ብለው ሊተኙ ሄዱ። በነጋታው ሆርኔት የምትባለው መርከብ ባሕር ላይ ነበረች። በሳምንታት ውስጥ የሰሜኑ ወደቦች ተያዙ፤ ዳቪላ ወረዱ፤ የሞርጋን ብድር ቀረ። ቦኒላ በ1912 ሥልጣን ሲይዙ ለዘሙራይ ከቀረጥ ነፃ መብትና ተጨማሪ ሰፊ መሬት ሰጡት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የዚህ ሰው ታሪክ በአሜሪካ ሲነገር ብዙውን ጊዜ እንደ ጀብዱ ነው የሚነገረው፤ ያለ ምንም የተነሳ ስደተኛ ከነሞርጋንና ከነውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጋር ታግሎ አሸነፈ ይባላል። እውነት አለው። የሞርጋን ውል ራሱ ለሆንዱራስ የሚበጅ አልነበረም፤ የአገሪቱ ምክር ቤትም አልወደደውም። ሆኖም አንድ ላኪ ቀረጥ እንዳይከፍል የአንድ አገር መንግሥት መገልበጡ በየትኛውም የሕግ መጽሐፍ ስሙ ወንጀል ነው። ለሆንዱራስ ሕዝብ ደግሞ የጉምሩኩ ጌታ ከኒው ዮርክ ወደ ኒው ኦርሊንስ ተዛወረ እንጂ አገር ቤት አልገባም።

ከዚህ በኋላ ኩያሜል የተባለው ኩባንያው አደገ። ተቀናቃኙ በ1899 የተቋቋመው፣ የመካከለኛው አሜሪካን ወደብ፣ ባቡርና ቴሌግራፍ የያዘው፣ የአገሬው ሰው ኦክቶፐስ እያለ የሚጠራው ዩናይትድ ፍሩት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳይ አንድ ወሬ አለ፤ የሕግ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል እወደዋለሁ። በጓቲማላና በሆንዱራስ ድንበር ላይ አንድ ለም መሬት ነበር፤ ሁለት ሰዎች የየራሳቸውን ሰነድ ይዘው የእኔ ነው ይላሉ። ዩናይትድ ፍሩት እውነተኛው ባለቤት ማን እንደሆነ እንዲያጣሩ ጠበቆች ቀጥሮ ወራት ፈጀ። ዘሙራይ ለሁለቱም ከፍሎ ከሁለቱም ገዛ። ለእኛ ሙያ የሚያስደስት ታሪክ አይደለም፤ ግን የሙዝ ሰዓት እየቆጠረ ሳለ የቱ ርካሽ እንደነበር ግልጽ ነው።

በ1929 መጨረሻ ዩናይትድ ፍሩት ኩያሜልን በ300,000 አክሲዮን ገዛው። ዋጋው ወደ 31.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዘሙራይ የገዢው ኩባንያ ትልቁ ባለአክሲዮን ሆኖ፣ በሥራው ጣልቃ ላለመግባት ተስማምቶ ጡረታ ወጣ። ቀኑን ልብ በሉ። የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከተንኮታኮተ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። የኢኮኖሚው ድቀት እየከፋ ሲሄድ 105 ዶላር ገደማ የነበረው አክሲዮን በ1932 ወደ 10 ዶላር ወረደ። በየማሳው ጭቃ ሲረግጥ ያጠራቀመው ሀብት፣ አንድ ዛፍ ሳይታመም፣ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ተነነ።

ይህ እንኳ ከዐቅም በላይ ነው እንበል? በመላው ዓለም የደረሰ ነው። የቦስተን ዳይሬክተሮች እንደዚያ ነበር የሚሉት። ዘሙራይ ግን ወደቦቹን እየዞረ መርከበኛውንና የጭነት ሠራተኛውን ጠየቀ። ለነዳጅ ቁጠባ ተብሎ መርከቦች ዝግ ብለው እንዲጓዙ መታዘዛቸውን፣ በዚህም የሚተርፈው ነዳጅ መንገድ ላይ የሚበስለውን ሙዝ እንደማያካክስ ያወቀው ያኔ ነው ይባላል። ቦስተን ሄዶ ለቦርዱ ሲናገር ሰብሳቢው በአነጋገር ዘዬው አላገጡበት። ወጥቶ ሄደ፤ ተመልሶ ሲመጣ ከሌሎች ባለአክሲዮኖች የሰበሰበውን ውክልና በጆንያ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። በ1933 መጀመሪያ የኩባንያው አድራጊ ፈጣሪ ሆነ፤ አክሲዮኑም በሳምንታት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጣ። በ1938 በይፋ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ከዚያ የመጡትን በፍጥነት ልለፋቸው። በ1935 ሲጋቶካ የሚባለው የቅጠል ፈንገስ ሆንዱራስ ገባ፤ የመዳብ ሰልፌትና ኖራ በውኃ በጥብጦ ደጋግሞ በመርጨት ተገታ። እርሻው ዳነ፤ የረጪዎቹ ሠራተኞች ቆዳ ግን ሰማያዊ ሆነ፣ ሳንባቸውም ተጎዳ። ከዚያ የዓለም ጦርነት መጣ። እንግሊዝ በ1940 ሙዝ ማስገባት አቆመች፤ የአሜሪካ መንግሥት የኩባንያውን መርከቦች ለጦርነቱ ወሰደ፤ ኩባንያው በሙዝ ፋንታ ለገመድ የሚሆን ቃጫ ለመንግሥት እያመረተ ቆየ። በ1943 ስሙን የወረሰው አንድያ ወንድ ልጁ፣ የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን፣ ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ሞተ። መርከብ ተመላሽ ነው። ይህ ግን በገንዘብም በጉልበትም የማይመለስ ነበር፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው እንዳልሆነ ነው የሕይወት ታሪኩን የጻፉት የሚስማሙበት።

ደግነቱንም መዝለል አይገባኝም። ሆንዱራስ ዛሞራኖ ላይ በ1942 ሥራ የጀመረውን የግብርና ትምህርት ቤት ገንዘብ ሰጥቶ አቋቁሟል፤ ተመራቂዎቹን ኩባንያው እንዳይቀጥር ደንግጓል፤ ትምህርት ቤቱ ለአካባቢው አገሮች እንጂ ለእርሻው እንዲሆን ብሎ። ዛሬም አለ። ለቱሌን ዩኒቨርሲቲም ብዙ ሰጥቷል።

ወደ ጓቲማላ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ነው የተጠራቀመው።

ያኔ ለዓለም ገበያ የሚቀርበው ሙዝ በአብዛኛው ግሮስ ሚሼል የሚባል አንድ ዝርያ ነበር። ጣፋጭ፣ ቆዳው ወፍራም፣ ጭነት የሚችል። ነገር ግን ፓናማ የሚባለው የአፈር ፈንገስ ይገድለዋል፤ ፈንገሱ አንዴ የገባበት መሬት ደግሞ ለዓመታት አይጠራም፣ መድኃኒትም የለውም። የኩባንያው መልስ የታመመውን ማሳ ጥሎ አዲስ መመንጠር ነበር። ስለዚህ ዛሬ ከሚያርሰው ብዙ እጥፍ የሆነ ባዶ መሬት በመጠባበቂያነት መያዝ አለበት። ጓቲማላ ውስጥ ከያዘው ወደ 220,000 ሄክታር መሬት ከመቶ 85 ያህሉ ያልታረሰ ነበር። መሬት ለሌለው የጓቲማላ ገበሬ ይህ ትርፍ መሬት ነው፤ ለሙዝ ኩባንያ ግን የበሽታ መድን ነው። ማንም ለማንም አላስረዳም፤ ቢያስረዳም ባዶ ሆድ አይገባውም።

በ1952 ፕሬዚዳንት ሃኮቦ አርቤንዝ አዋጅ ቁጥር 900ን አወጡ። ያልታረሰ ትርፍ መሬት ይወሰዳል፤ በ25 ዓመት በሚከፈል ቦንድ ካሳ ይሰጣል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን ያለ ካሳ ለወረሰ አገር ሰው ይህ ለስላሳ አዋጅ ነው። ጭቅጭቁ የተነሳው በካሳው መጠን ላይ ነው። መንግሥት በመጀመሪያ ለወሰደው መሬት 627,572 ዶላር አቀረበ። ኩባንያው፣ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኩል፣ 15,854,849 ዶላር ጠየቀ። መንግሥት ቁጥሩን ከየት አመጣው? ኩባንያው ራሱ ለግብር ብሎ ካስመዘገበው የመሬት ዋጋ ነው።

ይህን የጉዳዩን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ የሳቅሁትን አስታውሳለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሲሸጥ ለግብር ብሎ በውሉ ላይ ግማሽ ዋጋ የጻፈ፣ በኋላ ውሉ ፈርሶ ገንዘቡን ሲጠይቅ የተጻፈው ብቻ የሚፈረድለት ስንት ሰው አውቃለሁ። ዘሙራይና ጠበቆቹ ለዓመታት የተጠቀሙበት ርካሽ ቁጥር ፊታቸው ላይ መጣ። ይህ ከውጭ የመጣ ችግር አይደለም። በገዛ እጃቸው የጻፉት ነው።

መልሱ የ1910ሩ መልስ ነበር፤ በትልቁ። ዘሙራይ ቀድሞውንም ኤድዋርድ በርኔይስ የተባለውን የሕዝብ ግንኙነት ሰው ቀጥሮ፣ ጓቲማላ የኮሚኒስት መሸሸጊያ ሆናለች የሚለውን ወሬ በአሜሪካ ጋዜጦች እንዲሰራጭ አድርጓል። በ1951 ከፕሬዚዳንትነት ቢለቅም ከኩባንያው እጁን አላነሳም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ፎስተር ደለስ ቀድሞ ይሠሩበት የነበረው የሕግ ቢሮ ኩባንያውን ያገለገለ ነው፤ ወንድማቸው አለን ደለስ ደግሞ የሲአይኤ ኃላፊ ነበሩ። በሰኔ 1954 ሲአይኤ ባዘጋጀው ዘመቻ አርቤንዝ ወረዱ፤ መሬቱም ተመለሰ። አሜሪካ ይህን ያደረገችው ለሙዝ ነው ወይስ በቀዝቃዛው ጦርነት ፍርሃት? ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ። እኔ ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፣ በሙዝ ገንዘብ ግን ተራግቧል ባይ ነኝ።

ድሉ ምን አስገኘ? በዚያው ዓመት ከግንቦት ጀምሮ ሆንዱራስ ውስጥ፣ የቦኒላ መሬት በተባለው አገር፣ የኩባንያው ሠራተኞች በአሥር ሺዎች አድማ መቱ። አርቤንዝ በወረዱ በቀናት ውስጥ ደግሞ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በኩባንያው ላይ የፀረ ሞኖፖል ክስ መሠረተ። አዎ፣ ያው መንግሥት። በ1958 ኩባንያው በስምምነት በተሰጠ ፍርድ ከሀብቱ ከፊሉን አውጥቶ ተቀናቃኝ እንዲፈጥር ተገደደ። በ1954 ጓቲማላ ከተማ ውስጥ የነበረ፣ የአርቤንዝን መውደቅ በዓይኑ ያየ አንድ አርጀንቲናዊ ወጣት ሐኪም ነበር፤ ኤርኔስቶ ጉቬራ ይባላል። ከአምስት ዓመት በኋላ ከፊደል ካስትሮ ጦር ጋር ሃቫና ገባ፤ በ1960 ኩባ የኩባንያውን የሸንኮራ መሬት ወረሰች።

ፈንገሱስ? ፈንገሱ መንግሥት አይደለም፤ በሆርኔት መርከብ አይገለበጥም። ተቀናቃኙ ስታንዳርድ ፍሩት በሽታውን የሚቋቋመውን ካቬንዲሽ ዝርያ ቀድሞ ተክሎ፣ ቆዳው ስለሚሳሳ በካርቶን እያሸገ መላክ ሲጀምር ዩናይትድ ፍሩት ግሮስ ሚሼልን ሙጥኝ አለ። መርከቡ፣ ማብሰያ ክፍሉ፣ ገዢው ሁሉ ለእሱ የተሠራ ነበርና። ቀላሉ መንገድ፣ የራስን ዘር መለወጥ፣ መጨረሻ ላይ የታሰበ ነገር ሆነ። ሰባ ዓመት ሲሞላው የውጭውን ዓለም ማጠፍ የለመደ ሰው ይህን ማየት የተሳነው ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ያኔ በሴልማ ባቡር ላይ ሳለ ጉልበት አልነበረውም፤ ስለዚህ ራሱን ከሰዓቱ ጋር አስማማ። ጉልበት ካገኘ በኋላ ግን መስማማት አላስፈለገውም።

ለደንበኛዬ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። በሚቀጥለው ዓመት ካርቶኑን ከወቅቱ ስድስት ወር ቀድሞ እንዳዘዘ፣ ውሉ ላይም የምንዛሪ መዘግየትን የሚመለከት አንቀጽ እንድጨምርለት መጥቶ ሲጠይቀኝ ነው የሰማሁት። ቁጥር 1794 ተዋዋዮች በግልጽ በሌላ ሁኔታ እንዳይስማሙ አይከለክልም።

ሳም ዘሙራይ በመጨረሻ ዘመኑ ፓርኪንሰን ያዘው፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኅዳር 1961 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በ84 ዓመቱ ሞተ። መኖሪያ ቤቱ ለቱሌን ዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ የፕሬዚዳንቱ መኖሪያ ሆነ። ኩባንያው በ1960ዎቹ ውስጥ ግሮስ ሚሼልን ትቶ ወደ ካቬንዲሽ ዞረ። ከአርባ ምንጭ ተጭኖ አዲስ አበባ የሚገባው ሙዝ በአብዛኛው ከዚሁ ከካቬንዲሽ ወገን ነው። በ1972 ደግሞ ኩባንያው በ1958ቱ ፍርድ መሠረት መንግሥት ተገልብጦ የተመለሰለትን የጓቲማላ መሬት ለዴል ሞንቴ ሸጠ።